አያ ፈንታ እጅ ላይ የተሰበረው ደጋን

ዛሬ ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ኮሶዬ፣ አራት ወር የለፋሁበት የቀስት ደጋን አያ ፈንታ እጅ ላይ ጧ ብሎ ለሁለት ተሰበረ።

አያ ፈንታ እንጨቱን የሰጡኝ ሽማግሌ ናቸው። ሮቢኒያ የሚባለውን እሾሃም ዛፍ ከአጥራቸው ሲቆርጡ አንድ ግንድ ለምኜ ወሰድኩ። "ሲያልቅ አምጥተሽ አሳዪኝ" ብለውኝ ነበር።

ነርስ ነኝ። ሌላው ከተረኝነት ወጥቶ ይተኛል፣ እኔ እንጨት እጠርባለሁ። (እናቴ "ባል ፈልጊ ስልሽ ቀስት ትሠሪያለሽ?" ትለኛለች።)

ዛሬ ደጋኑን ወስጄ ሳሳያቸው አያ ፈንታ "ሸጋ ነው!" አሉና ተነስተው ገመዱን ሳቡት። ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ተሰበረ።

ስባሪውን እንደያዙ ቀሩ። "ምነው እጄን በቆረጠው! ልፋትሽን ገደል ከተትኩት።"

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር።

በደጋን ጀርባ፣ ወደ ዒላማው በሚዞረው ፊት፣ ያለው የእንጨት ንብርብር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ መሄድ አለበት፤ አለዚያ ሲሳብ ከተቆረጠበት ይሰበራል። እኔ ግን አንድ ቀን በጣም ደክሞኝ ቢላዋው አመለጠኝና ቆረጥኩት። እያየሁት ሰም ቀባሁበትና አለፍኩ።

"አያ፣ እርስዎ አልሰበሩትም፤ እኔ ነኝ" አልኩና ቦታውን አሳየኋቸው።

የተቆረጠውን በጣታቸው ዳሰሱት። "ዓይኔን ቢያጠፋኝ ኖሮስ ልጄ?"

ስባሪውን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

"በይ ግቢ፣ ምሳ ብዪ። ፊትሽ ገርጥቷል" አሉኝ።

ወደ ጎንደር በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ከእንጨቱ ይልቅ የእሳቸው ጥያቄ አድክሞኛል።

እናንተስ፣ ስለደከማችሁ ብቻ እያወቃችሁ ያለፋችሁት ጥፋት ሌላ ሰው ላይ ደርሶ ያውቃል? ንገሩኝ፣ ብቻዬን አልሁን።