ለብለብም ጥሬ ነው ለካ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ! ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ብዬ ነው የወጣሁት። ግን ነገሩ ለራሴም ገና አልጠራልኝም፤ ስቀላቅልባችሁ ታገሡኝ። ስሙ ይባረክ!

እኔ እዚሁ ቡታጅራ ክትፎ ቤት ነው የምሠራው። ቅቤና ሚጥሚጣውን የምመጥነው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ጌታን አላውቀውም። እናንተን ወደዚህ ጸሎት ቤት ስትገቡ ሳይ "ሥራ ፈቶች" እል ነበር፣ ይቅር በሉኝ።

ከዚያ ሆዴ ተበላሸ። እበላለሁ፣ እከሳለሁ። ሲርበኝም ስጠግብም ያቅለሸልሸኛል። አንድ ቀን ልብሴ ላይ ነጭ ነገር አየሁ፤ የፓስታ ቁራጭ መስሎኝ ላነሳው ስል ተንቀሳቀሰ! ከእኔ ነው የወጣው ወገኖቼ! ይሄ ለማን ይነገራል? ጎረቤቴ መክሳቴን አይታ "አንቺ ላይ የሆነ መንፈስ ገብቷል" አለችኝ። አመንኳት። የአምስት ዓመት ልጄን፣ ወደ እሷ እንዳይተላለፍ ብዬ፣ እንሴኖ እናቴ ጋ ላክኋት። ስታቅፈኝ ገፍቼ ነው የላክኋት።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ "ጥሬ ሥጋ ትበያለሽ?" አለኝ።

"ኧረ በፍጹም!" አልኩት። ስለ ነጩ ነገር አፍሬ ሳልነግረው ቀረሁ። የጨጓራ መድኃኒት ሰጠኝ፤ ወሰድኩት፣ ምንም ለውጥ የለም።

ግራ ሲገባኝ እዚህ መጣሁ። ፓስተር ጸለዩልኝ። ሰው ሲወድቅ አይቼ ስለነበር እኔም መውደቄን ጠበቅኩ። አልወደቅኩም! ጸልየው ሲጨርሱ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "እህቴ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ክትፎ ቤት።"

"ትበያለሽ?"

"ቅመሙን ለማየት እቀምሳለሁ እንጂ አልበላም። እሱም ለብለብ ነው፣ ጥሬ አይደለም።"

ሳቃቸው መጣ። "ለብለብ ምኑ በስሎ ነው? ይሄ ኮሶ እንዳይሆን! ያየሽውን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሪው።"

ተናደድኩ! እኔ ጋኔን ይወጣልኛል ብዬ መጥቼ፣ እሳቸው ወደ ሐኪም ይመልሱኛል? ግን ሄድኩ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ተመረመርኩ። "የኮሶ ትል ነው" አለኝ።

"ልጄስ?"

"ልጅሽ ምን ሆነች? ስላቀፍሻት አይተላለፍባትም። እጅሽን በደንብ ታጠቢ፣ ሥጋውን አብስለሽ ብዪ፣ ልጅሽን አምጪ።"

እዚያው አለቀስኩ። ሃሌሉያ!

ኪኒኑን ወሰድኩ፣ ትሉ ወጣልኝ። እና ያዳነኝ ኪኒኑ ነው ወይስ ጸሎቱ? እስከ ዛሬ ይምታታብኛል። ፓስተር "ሐኪሙንም የሰጠን ጌታ ነው" አሉኝ፤ ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። ግን ጌታ በእሳቸው አፍ ባይጠይቀኝ ኖሮ ማን ይጠይቀኝ ነበር? ክብር ለእርሱ ይሁን!

እንሴኖ ስደርስ ልጄ ከእናቴ ኋላ ተደበቀች። ወገኖቼ፣ ፈርታ ቆማ "እማ፣ አሁን ልንካሽ?" አለችኝ። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አቅፌያት ጭኔ ላይ ተኛች፤ ጌታን የተቀበልኩት እዚያ ነው። የጸሎቱን ቃል አላውቀውም ነበር፣ "እኔንም እንደዚህ ያዘኝ" ብቻ አልኩት።

ግራ የገባችሁ ካላችሁ፣ እስኪገባችሁ አትጠብቁ። ያዘኝ በሉት፣ ይይዛችኋል።