ስሙ የተቀየረ ፋይል

ሔኖክ ጎበዝ ነበር፤ ጉዱ ደግሞ ጎበዝነቱን ማወቁ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ሲሠራ «አልችልም» የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። በ2002 ዓ.ም. ጸሐይወርቅ የማስተርስ ጥናቷን ይዛ እሱ ዘንድ የመጣችው ለዚህ ነው።

ጥናቷ ዝናብ ሲበረታ የሐይቁ ውሃ ወዴት እንደሚገፋ ማስላት ነበር። አንድ ኮምፒውተር ብቻውን የሚወጣው ሥራ ስላልሆነ፣ ሔኖክ የክፍሉን አሮጌ ኮምፒውተሮች በገመድ አያይዞ እንደ ደቦ አሰለፋቸው። እያንዳንዱ የሐይቁን አንድ ቁራሽ ያሰላል፤ ውጤቱ መጨረሻ ላይ ይደመራል። እዚያው ሐዋሳ ፒያሳ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡት አባቷ አቶ ኃይለሚካኤል ደግሞ ቁርጡን ነግረዋታል፦ «የፈቀድኩልሽ ለዘንድሮ ብቻ ነው። ካልሆነልሽ ወደ ሱቅሽ።»

ጥናቷን በምታቀርብበት ዋዜማ ፕሮግራሙ አልነሳም አለ። ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት «ላይብረሪ» የሚባል አንድ የፕሮግራም ፋይል ጎድሏል። ፋይሉ በየትኛው ፓኬጅ፣ ማለትም የሶፍትዌር ጥቅል፣ ውስጥ እንዳለ ለይቶ ከኢንተርኔት ማውረድ ያስፈልግ ነበር፤ ኢንተርኔቱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ተቋርጧል። ሔኖክ ፍላሽ ዲስኮቹን ሲበረብር ከሌላ ፓኬጅ የመጣ፣ ስሙ የሚመሳሰል ፋይል አገኘ። ስሙን በጎደለው ፋይል ስም ለወጠና አስገባው። ፕሮግራሙ ተነሳ!

«ምን ሆኖ ነበር?» አለችው።

«ትንሽ ነገር ናት። ጨርሻለሁ።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በማግስቱ ፈታኙ ቁጥሮቹን ደማምሮ ቀና አለ። «ሐይቁ መውጫ የለውም። ታዲያ የጎደለው ይህ ሁሉ ውሃ የት ገባ?»

ጸሐይወርቅ ወረቀቶቿን ታገላብጥ ጀመር። መልሱ ያለው ሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ጫማውን ያያል፤ ስሙ የተለወጠው ፋይል ኮምፒውተሮቹ የሚቀባበሉትን ቁጥር እየጣለ ኖሯል። ሔኖክን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ይኸው ነው። ያኔ ተነስቶ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ቢል ሌላ ቀን ይሰጧት ነበር። አላለም። እሷም ጥናቷ ሲወድቅ ራሷን ሰነፍ ብላ አባቷ ሱቅ ገባች።

ከዓመታት በኋላ የሞተር ሳይክሉ ጎማ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተበላሽቶበት ወደ ሱቋ ሄደ። ከመደርደሪያው አንዱን አንስቶ፣ «ይቺ ልክ ትመስላለች» አላት። ላዩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አየችና ከእጁ ወሰደችበት።

«አንተ ደግሞ! ገባ ማለት ሠራ ማለት አይደለም እኮ። መንገድ ላይ ነው የምትጥልህ።»

ሔኖክ የያኔውን ፋይል ነገር ሊነግራት አፉን ከፈተ።

«ምነው?» አለችው ፈገግ ብላ።

«ምንም» አላት። «ትክክለኛዋን ስጪኝ።»