አሥራ አንዱ የነጂባ ደብተሮች

ለንስሐ አባቴ ሐሜቴን ተናግሬያለሁ። በዐቢይ ጾም ረስቼ የበላሁትን አይብ፣ ረስቼ እንዳልነበረም ጭምር፣ ተናግሬያለሁ። ይህችን ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ስዘላት ኖርኩ። ኡራኤል ድረስ እሄዳለሁ፣ አባ ፊት እቆማለሁ፣ አፌን እከፍታለሁ፣ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራለሁ። እናንተ ቄስ አይደላችሁም፤ ለእናንተ ለመንገር የደፈርኩትም ለዚሁ ይመስለኛል። አትፍቱኝ። ስሙኝ ብቻ።

ሌባ ነኝ። ውሸታም ነኝ። የትኛው እንደሚቀድም እስካሁን አልወሰንኩም። ይህን ስጽፍ እንኳ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ እነሣለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ሻንጣው አልጋው ሥር ነው። እግሬ በነካው ቁጥር እደነግጣለሁ።

ስሜ ወይንሸት ነው። የምኖረው የሰው ጽሑፍ እያረምኩ ነው። ካዛንቺስ ሳትፈርስ በፊት አንድ ካፌ ፎቅ ላይ፣ በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰብ የንባብ ክበብ ነበረን። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ደራሲው ፊቱ ተቀምጦ «መጽሐፍህ አልጣመኝም» አይልም፣ ይሉኝታው አያስችለውም። ስለዚህ አስተያየታችንን ስም በሌለው ብጣሽ ወረቀት ጽፈን የጫማ ካርቶን ውስጥ እንከትታለን። ጸሐፊዋ አንድ በአንድ እያወጣች ጮክ ብላ ታነባለች። ስድብ ቢሆን እንኳ አትዘልም፣ ማን ጻፈው ብላም አትጠይቅም። ሕጉ ይኸው ነው። በዚህ ሕግ ተማምኜ ነው ያደረግኩት።

ነጂባ የሁለተኛ ደረጃ ጓደኛዬ ናት። ኬሚስትሪ አስተማሪ ናት። ማታ ማታ የተማሪዎቿን ፈተና አርማ ስትጨርስ ልቦለድ ትጽፍ ነበር፣ በእጇ፣ በአሥራ አንድ ባለ ሰማያዊ ሽፋን ደብተር። ባለቤቷ ሙባረክ የአንድ ፋብሪካ ላብራቶሪ ሠራተኛ ነው፤ እሷ የጻፈችውን በኮምፒውተር የሚገለብጥላት እሱ ነበር። ደብተሮቹን እንዳርማቸው የሰጠችው ለእኔ ነው። «ከሙባረክ በቀር ካንቺ በፊት ማንም አላነበበውም» ነበር ያለችኝ። እጄን በቆረጠው፣ ያን ቀን አቅፌ ሳምኳት።

መጽሐፉ «ሰባተኛው ናሙና» ይባላል። አስካለ የምትባል የውኃ ተመራማሪ አለች፤ ከወንዙ የቀዳቻቸው ናሙናዎች መርዝ ያሳያሉ፣ ውጤቱ ግን ከላይ በመጣ ትእዛዝ ይለወጣል። ስድስቱን ይወስዱባታል። ሰባተኛውን በሕፃን ጡጦ ደብቃ ትሰወራለች፤ ከዚያ ባለ ሥልጣኑም፣ ደኅንነቱም፣ የገዛ አለቃዋም እሷን ማሳደድ ነው። ሦስተኛውን ደብተር ታክሲ ውስጥ ሳነብ መውረጃዬ አልፎኝ ሰንጋ ተራ ተገኘሁ። ጥሩ ነበር። በጣም ጥሩ ነበር! እኔ ዘጠኝ ዓመት የያዝኩት ልቦለድ አርባ ገጽ ላይ ቆሟል። አስካለ ስታመልጥ ደስ ይለኛል፣ ነጂባ እንደጻፈቻት ሳስብ አንጀቴ ያራል። ታክሲዎቹ ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ተለጥፎ ሲታይ ያስቀኝ ነበር። ለካ ነጂባ ያላጣችው ምቀኛ እኔው ነበርኩ።

መጽሐፉ ታትሞ ወጣ፣ ተወደደ፣ የእኛም ክበብ ጠራት። ከውይይቱ ሁለት ቀን በፊት ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በግራ እጄ፣ አንዲት ብጣሽ ጻፍኩ።

ያን ቅዳሜ ወንበር ጠፍቶ ሰው ደረጃው ላይ ቆመ። ሰብሳቢያችን ጋሽ ታምራት፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፣ ነጂባን መሐል አስቀመጧት። እናቷ እማማ ዘይነባም የክት ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ነበሩ፤ ማንበብ አይችሉም፣ ግን የልጃቸው ስም ሲጠራ መስማት ፈልገው ነው። እኔ ማንበብ ጀመርኩ። «አስካለ ጎበዝ ናት፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ወጥ ስትሠራ አላየናትም።» ሳቅ። «ባለ ሥልጣኑ ማን እንደሆነ ገብቶኛል፣ አልናገርም፣ ልጆች አሉኝ።» ትልቅ ሳቅ። «ልጄ ይህን አንብባ ኬሚስትሪ ካልተማርኩ ብላለች። እግዜር ይስጥሽ።» ጭብጨባ። ነጂባ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ የራሴን አወጣሁ፤ የት እንዳለች አውቃለሁ፣ ጥግ ላይ አስቀምጫት ነበር።

«ይህ ሴት የጻፈችው አይመስልም። ባለቤቷ ላብራቶሪ ነው የሚሠራው፤ የጻፈውም እሱ ነው ይባላል። እውነቱን ብትነግሩን?»

በገዛ ድምፄ አነበብኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንዴት አልተንቀጠቀጠም? ሴት ሆኜ፣ ሌሊት ሌሊት የምጽፍ ሴት ሆኜ፣ «ሴት የጻፈችው አይመስልም» ብዬ እንዴት ጻፍኩ? ያን ስድብ ማን አስተማረኝ እንዳልል፣ እኔም ስሰማው ያደግኩት ነው። ስንት ጊዜ አቃጥሎኛል! የት እንደሚያቃጥል ስለማውቅ ነው የመረጥኩት።

ነጂባ ግን ሳቀች። «እንዴ! የእጅ ጽሑፌ አለ እኮ፤ ወይኒ ጋ ነው» አለች። ጋሽ ታምራትም «በቃ፣ ይምጣና እንየው፤ ነገሩ እዚህ ያልቃል» አሉ። ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጓደኛዬ እያየችኝ ነው፣ ፈገግ እንዳለች፣ በእኔ ተማምና። እስከዚህ ድረስ የሠራሁት ክፋት የአንዲት ብጣሽ ወረቀት ክፋት ነበር፤ «አዎ፣ እኔ ጋ ናቸው» ብል ኖሮ በሳቅ ይቀር ነበር። ደብተሮቹም የት ነበሩ? ከካፌው አምስት ደቂቃ በማይሞላ መንገድ፣ ቤቴ፣ ሻንጣ ውስጥ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «መልሼልሻለሁ እኮ ነጂ» አልኩ። «በፌስታል አድርጌ ቤት አስቀመጥኩልሽ። እማማ ናቸው የተቀበሉኝ።»

ለምን እማማን ጨመርኳቸው? ማን ጠየቀኝ? ውሸቱ ምስክር ፈለገ፤ እኔ ደግሞ ከሰው ሁሉ መርጬ የሚረሱ አሮጊት ሰጠሁት። እማማ ዘይነባ ግራ ገብቷቸው ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። «አንድ ፌስታልማ አምጥታልኛለች፤ እውነቷን ነው» አሉ። እውነት ነበር። ፌስታል አምጥቼላቸው ነበር።

ነጂባ አንድ አፍታ እንኳ አልተጠራጠረችኝም። ይኼ ነው የሚገድለኝ። የጠረጠረችው እናቷን ነው። የአስተማሪ ቤት በተማሪ ደብተር የተሞላ ነው፤ እማማ ደግሞ ያለቀውን እየሰበሰቡ አንዳንዴ ለቁራሌው፣ አንዳንዴ ጎረቤት ላለችው ቆሎ ሻጭ ለመጠቅለያ ይሰጡ ነበር። ፊደል ለማይለይ ሰው ሰማያዊ ደብተር ሁሉ ያው ነው። ነጂባ ይህን ስታስብ ፊቷ አመድ መሰለ።

ከዚያ በኋላ ነጂባ ቆሎ መግዛት ጀመረች። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከኡራኤል እስከ ካዛንቺስ መንገድ ዳር ያለችው ቆሎ ሻጭ ሁሉ ጋ እየቆመች፣ ጥቅሉን እየፈታች፣ ወረቀቱ ላይ የራሷን የእጅ ጽሑፍ ትፈልጋለች። ቆሎውን ለልጆች ትሰጣለች፣ ወረቀቱን በመዳፏ ታቃናለች፣ ታነባለች፣ ትጥላለች። የሰው የሒሳብ መልመጃ። የሰው የስነ ዜጋ ማስታወሻ። ብቻዋን ነበረች እንዴ? አልነበረችም! እኔ አብሬያት ነበርኩ። ክንዷን ይዤ። «ያቺን ደግሞ እንያት» እያልኩ። እኔ ነኝ፣ ደብተሮቹን ሻንጣ ውስጥ ቆልፌ ቆሎ ስፈታ የዋልኩት። አንድ ቀን «የኔ እጅ ይመስላል!» ብላ ጮኸች፤ አልነበረም። መንገድ ላይ አለቀሰች። እንባዋን በነጠላዬ ጠረግኩላት።

እማማ መጀመሪያ ማሉ። «ወላሂ አልሰጠሁም፣ አላየሁም» አሉ። ነጂባ ስድ አደግ አይደለችም፣ አልጮኸችባቸውም፤ ዝም አለቻቸው። አንድ ወር ዝም አለቻቸው። አሮጊቷ ያን አልቻሉም። አንድ ከሰዓት እኔ ቤታቸው ሻይ ይዤ ተቀምጬ ሳለ ከጓዳ ወጥተው ልጃቸው ፊት ቆሙ። «ሰጥቼው ይሆናል። አዎ፣ ሰጥቼዋለሁ፣ አሁን ትዝ አለኝ። አፉ በይኝ ልጄ» አሉ።

ያላደረጉትን አደረግኩ አሉ። ያደረግኩት እኔ ግን እዚያው ተቀምጬ፣ ስኳሩን አማሰልኩ።

ከዚያስ? ወሬው ቴሌግራም ላይ ወጣ። መጽሐፉን «የሙባረክ መጽሐፍ» ይሉት ጀመር። ሙባረክ እየማለ ሲያስተባብል የባሰ አመኑት። ሁለተኛውን ልቦለድ ጀምራ ነበር፤ አስካለ የምትመለስበትን። ተወችው። «ምን ያደርጋል ወይኒ፣ ብጽፈውም የእሱ ነው የሚሉት» አለችኝ። ስለ ደብተሮቹ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም፣ እናቷ እንዳይሰሙ ብላ።

ካዛንቺስ ስትፈርስ ሁሉም ዕቃውን ሲያወጣ እኔም አወጣሁ። ቁራሌው ሰፈሩን ሞልቶት ነበር። አልጋዬን ሰጠሁት፣ ቁምሳጥኔን ሰጠሁት፣ የራሴን አርባ ገጽ ሰጠሁት። ሻንጣውን አይቶ «ወረቀትም እወስዳለሁ እቴቴ» አለኝ። ሻንጣው ላይ ተቀመጥኩ፣ የጭነት መኪናው እስኪመጣ ድረስ አልተነሣሁም።

ባለፈው ሳምንት ነጂባን ልጠይቅ ሄድኩ። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው አሁን ያሉት። እማማ ዘይነባ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። ሻይ ቀርቦልን ሳለ አንዲት ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ፤ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን። «ነጂባ፣ ይሄ ይፈለጋል?» አሉ። «አይፈለግም እማ፣ ጣይው» አለች። አልጣሉትም። አጥፈው ትራሳቸው ሥር አስገቡት። ትንሽ ቆይተው የዳቦ ቤት ወረቀት አመጡ። «ይሄስ ይፈለጋል?» ነጂባ ወደ እኔ ዘንበል ብላ «ሁሌ እንዲህ ናት፤ ወረቀት መጣል ትፈራለች» አለችኝ። ሻይዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ሰው «ወጣት ነበርኩ» ይላል። አልነበርኩም። «ሰይጣን አሳሳተኝ» ይላል። ሰይጣን ግራ እጄን አልያዘም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ እኔ ግን ስድስት ዓመት አሳደርኩት፣ በራሱ አልጠራም። ሻንጣውን መክፈት ያለበት ሰው እኔ ነኝ።

ክበባችን መስቀል ፍላወር አዲስ አዳራሽ አግኝቷል። ቅዳሜ ይሰበሰባል፤ ጋሽ ታምራት አሁንም ይመራሉ፣ ካርቶኑን የምታነብ ሌላ ልጅ ናት። ነጂባ እናቷን ይዛ እንድትመጣ ለምኛት እሺ ብላለች፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ሻንጣውን ይዤ እሄዳለሁ። የምከተውን ብጣሽ ጽፌያለሁ፣ በቀኝ እጄ፣ ከነስሜ። ይቅርታ የሚል ቃል የለባትም። ብጠይቃቸው እማማ ወዲያው «አፉ ብዬሻለሁ ልጄ» ይላሉ፣ አውቃቸዋለሁ፤ እንዲያ እንዲቀለኝ አልፈልግም። ብጣሿ ላይ ያለው ይኸው ነው፦

«ስለ ሰባተኛው ናሙና። መጽሐፉን የጻፈችው ነጂባ ናት፣ ብቻዋን። አሥራ አንዱም ደብተር ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የደበቅኳቸው እኔ ወይንሸት ነኝ። እማማ፣ እርስዎ ምንም አልሰጡም። ያን ቀን ያመጣሁልዎ ፌስታል ብርቱካን ነበር።»