አሥራ አንድ ቆብ

ሾፌሩ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አንድም ተሳፋሪ መንገድ ላይ ጥሎ አያውቅም። ሚስቱ ይህን ወሬ በቃሏ ይዛዋለች።

ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሰጠው፤ ልጁ ደግሞ ያገለገለ የተራራ ብስክሌት። ሰዓቱ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ቀረ። በብስክሌቱ ግን እሑድ እሑድ ጠዋት ከከተማው ጀርባ ያለውን ጫካ ከሚያቋርጡ ሰዎች ጋር ገጠመ። ቡድኑ ሕግ አለው። አንድ ሰው ከሁሉም ኋላ ይነዳል፤ ማንንም አይቀድምም፤ እሱ ካልደረሰ ማንም አልደረሰም። «ጭራ» ይሉታል። ወደኋላ የቀረ ሰው ደግሞ ካለበት አይነቃነቅም፤ ጭራው ይመጣል።

ሾፌሩ አራት ዓመት ጭራ ሆነ። በበጋ የአሥራ አንድ ሰው አቧራ ይውጣል፤ በዝናብ አሥራ አንድ ሰው ያቦካውን ጭቃ ይነዳበታል። ዕድሜ ልኩን ሰው ከኋላው ሲቀመጥ ኖሮ አሁን እሱ ከሰው ኋላ ሆነ። ተስማማው። አምና ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ካደረገ ወዲህ ግን ይዘገይ ጀመር።

አንድ እሑድ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ጫካው መግቢያ ላይ የቡድኑ መሪ፣ ነርሷ፣ ዓይኗን ከጉልበቱ ሳትነቅል፣

«ጋሼ፣ ዛሬ ጭራ ይሁኑልን። ለሚቀጥለው እናያለን» አለችው።

«እናያለን»ን ያውቃታል። አለቃው ጡረታ ሊያወጣው ሲል የጀመረው በእሷ ነበር።

«ምኑን ነው የምናየው?»

«ባለፈው ሳምንት ድልድዩ ጋ ሃያ ደቂቃ ጠበቅንዎ። ሰዉ በላቡ ላይ ብርድ መታው።»

ከቡድኑ አንዷ፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ ጣልቃ ገባች። ምላሷ ከእግሯ ይፈጥናል። «ተያቸው እባክሽ! እሳቸው ከተነሱ ጭራዋ እኔ ነኝ።»

ሁሉም ሳቁ። ሾፌሩ ከአንገት በላይ ሳቀ። ዛሬ እንደማይዘገይ ለራሱ ማለ።

የዳገቱ አናት ላይ ጉም ጠበቃቸው። አሥር እርምጃ አያሳይም። ሾፌሩ ጥርሱን ነክሶ ነዳ። ሁለት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ሲደርስ ቡድኑ ቆሞ አገኘው። ሁሉም ከቆቡ እስከ ጫማው ጭቃ ስለሆነ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ቆቦቹን ቆጠረ። አሥራ አንድ።

«ሙሉ ነው! ንዱ!» አለ፣ እንደ ድሮው።

ሁልጊዜ የሚሰበሰቡበት ድልድይ ጋ ከሌሎቹ በአምስት ደቂቃ ብቻ ተበልጦ ገባ። ነርሷ ሰዓቷን አየች። «ጋሼ፣ ዛሬ ምን በልተው ነው?»

በዚህ መሃል ከአሥራ አንዱ አንዱ ቆቡን አውልቆ ፊቱን ጠረገ። ማንም የማያውቀው ጎልማሳ ነው።

«ይቅርታ» አለ ሰውየው። «መገናኛው ላይ መንገድ ጠፍቶኝ ተከተልኳችሁ።»

ሾፌሩ እንደገና ቆጠረ፤ አሁን ፊቶቹን። ፀጉር ሠሪዋ የለችም። ስልኳ አይሠራም።

«እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ እሄዳለሁ» አለች ነርሷ።

«ዛሬ ጭራው ማነው?»

«እርስዎ።»

«እንግዲያው እኔም ገና አልደረስኩም።» ብስክሌቱን አዞረ።

ቀጥ ያለው ዳገት ላይ ወርዶ ገፋ። ጉልበቱ እንደ ጥርስ ሕመም ይጠዘጥዘው ጀመር። እየቆመ ተጣራ። አናቱ ላይ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር፣ ድምፅ መለሰለት።

«ማነው?»

«ጭራው ነኝ።»

«ከፊት የሚመጣ ጭራ ዛሬ አየሁ!» ፀጉር ሠሪዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እጇን በብብቷ ሥር ወሽቃለች።

«የት ገብተሽ ነው?»

«ሰው ከዛፍ ጀርባ ምን ሊያደርግ ይገባል? ጋሼ ደግሞ! እንደ ነፋስ አለፉኝ። ሱሪዬን እስክታጠቅ ጠፉ።»

«ቆጥሬ ነበር። አሥራ አንድ ነበራችሁ።»

«በእኔ ቦታ ማን ገባ?»

«አንድ የጠፋ ሰው።»

«መልከ መልካም ነው?»

ሾፌሩ አሁን ከልቡ ሳቀ። «ለምን ብቻሽን አልወረድሽም?»

«ሕጉስ? ደግሞ እንደሚመጡ አውቃለሁ። ትንሽ ቆዩ እንጂ።»

እሷን አስቀድሞ ቀስ ብሎ ወረደ። ከድልድዩ ማንም አልሄደም፤ መንገድ የጠፋውም ሰውዬ እንኳ አለ። ሾፌሩ ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ላለመዘግየት ቸኮልኩ። ቆብ እንጂ ሰው አልቆጠርኩም።»

ነርሷ ተንበርክካ ጉልበቱን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። «አብጧል። ሁለት እሑድ ቤትዎ ይቀመጣሉ።»

«ከዚያስ?» ያችን ቃል ጠበቀ።

«ከዚያ ጭራ ይሆናሉ። እኛ ድልድዩ ጋ የምንለብሰው ወፍራም ጃኬት ይዘን እንመጣለን። እርስዎ ብቻ አይቸኩሉ።»

በሦስተኛው እሑድ ጉሙ አልተነሳም ነበር። መገናኛው ላይ ሾፌሩ ቆብ አልቆጠረም። አንድ በአንድ ጠራ። ነርሷ «አለሁ» አለች። መንገድ የጠፋው ሰውዬ «አለሁ» አለ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ቀርቶ አያውቅም።

«ፀጉር ሠሪዋ!»

«ከዛፍ ጀርባ!» አለ ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ።

ሾፌሩ ፍሬኑን ያዘ፤ አንድ እግሩንም መሬት ላይ አሳረፈ።

«እንጠብቃለን» አለ።