ለሌላ ሰው ጉልበት የተቃኘ ሳጥን

ኢፖሊቶ ባሬራ ሠላሳ አንድ ዓመት በባራካስ ሰፈር ባለ የብስኩት ፋብሪካ ሊጥ ሲያቦካ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የሰፈራችን ሰው ግን በሊጡ አያውቀውም። እኛ የምናውቀው እሁድ ከሰዓት በኋላ በክለቡ አዳራሽ፣ ጥቁር ከፋይ ጉልበቱ ላይ አንጥፎ ባንዶኔዮኑን፣ ያንን እንደ አኮርዲዮን በወናፍ የሚጫወት ሳጥን፣ ሲያስቀምጥበት ነው። የሳጥኑ ወናፍ ሲከፈት ሰፈሩ ይተነፍሳል፤ ሲዘጋ የሁላችንም ደረት አብሮ ይዘጋል። ስንት ፍቅር በዚያ ድምፅ ተጀመረ፣ ስንት ኩርፊያ በዚያ ድምፅ ሟሟ።

የዜማ ደራሲው ፌርሚን ሉካሬሊ የዚያው መንገድ ልጅ ነው። በወጣትነቱ ከኢፖሊቶ ጎን ፒያኖ ይጫወት ነበር። የመጀመሪያዎቹን የታንጎ ዜማዎች የጻፈው በኢፖሊቶ ወጥ ቤት፣ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ እየጠጣ ነው። ኢፖሊቶ በሳጥኑ ይሞክርለትና፣ “እዚህ ጋ ትንፋሽ አይበቃኝም፣ ቁረጠው” ይለዋል፤ ፌርሚን ይቆርጠዋል። በኋላ ስሙ ገነነ፣ ሬዲዮ ገባ፣ መሀል ከተማ ቤት ያዘ። ከዚያም ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚሰማው፣ ለእግር ሳይሆን ለጆሮ የሆነ ታንጎ መጻፍ ጀመረ። የድሮ ጨፋሪዎች ሳቁበት። ቡና ቤት ውስጥ አንዱ፣ “ይሄማ የቀብር ሙዚቃ ነው” ቢል፣ ኢፖሊቶ ተነስቶ ኮሌታውን አንቆታል። ስለ ፌርሚን ክፉ ቃል አይሰማም ነበር።

በ1968 መጋቢት ላይ ፌርሚን ያንኑ ወጥ ቤት አንኳኳ።

“ኢፖ፣ ትልቁ ሥራዬ በሸክላ ሊቀረጽ ነው። ሠላሳ ቫዮሊን ከኋላ፣ አንድ ባንዶኔዮን ከፊት።”

“ከፊት የሚቀመጠው ማነው?”

“አንተ ነህ እንጂ። ሌላ ማን አለኝ?”

የኢፖሊቶ ሚስት ሱሌማ ከምድጃው ሳትዞር፣ “እንግዲህ ሱፉን ብል ሳይጨርሰው ላውጣዋ። ከገዛነው ወዲህ ያደገው ሆድህ ብቻ ነው” አለች።

አንድ ችግር ግን ነበር። የክለቡ ፒያኖ አሮጌ ነው፤ ቅኝቱ ዝቅ ያለ ነው፤ የኢፖሊቶም ሳጥን ከእሱ ጋር እንዲስማማ ሆኖ ነው የኖረው። የኦርኬስትራው ቅኝት ከፍ ይላል። ቫዮሊን ክሩን ቢያጠብቁት ይበቃዋል። ባንዶኔዮን ግን ሆዱ ውስጥ ሁለት መቶ ሰማንያ አራት የብረት ምላሶች አሉት፤ ድምፁን ከፍ ለማድረግ እያንዳንዱን ምላስ ከጫፉ በሞረድ መላጥ ነው። የተላጠ ብረት ደግሞ አይመለስም።

“ክለቡስ? ሳጥኑና ፒያኖው ሊጣሉ ነው” አለ ኢፖሊቶ።

“ከሸክላው በኋላ ለክለብ ጊዜ የሚኖርህ ይመስልሃል?”

ኢፖሊቶ ሦስት ቀን አሰበ። በአራተኛው እሺ አለ። ኖታ ማንበብ ስለሚከብደው ፌርሚን ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ ያስጠናው ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ፣ መስመር በመስመር፣ በቃሉ እስኪይዘው ድረስ። ጥናቱ ሲያልቅ ሳጥኑን ወደ ዶን ጋስፓር ወሰደው፤ ጋስፓር ከአርባ ዓመት በፊት ጀምሮ የሚቃኝለት ወዳጁ ነው። ሁለት ሳምንት ሞረደ። ሲጨርስ፣ “አንተ ጀርባህን አታድክም፣ ስቱዲዮ ድረስ እኔ አደርሰዋለሁ” አለው፤ ይህን ሲል የሚያየው ሞረዱን ነበር።

የቀረጻው ዕለት ኢፖሊቶ በጠዋት ደረሰ፤ ሱፉን ለብሷል፣ ክራቫቱን ሱሌማ አስራለታለች። ከመስታወቱ ወዲያ ቫዮሊኖቹ ተደርድረዋል። ከፊት አንድ ከሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ የኢፖሊቶ ከፋይ፣ በከፋዩ ላይ የኢፖሊቶ ሳጥን።

ፌርሚን ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

“ኢፖ፣ ስማኝ። የሸክላ ቤቱ ሰዎች ናቸው። ስም ያለው፣ ኖታ ቶሎ የሚያነብ ሰው ይሁን አሉኝ።”

“መቼ ነው ያሉህ?”

ፌርሚን ጫማውን አየ።

“መቼ ነው ያሉህ፣ ፌርሚን?”

“ጥር ላይ።”

“ቤቴ የመጣኸው መጋቢት ላይ ነው።”

“እውነቱን ብነግርህ ሳጥኑን ትሰጠኝ ነበር? በዚህ ከተማ እንደሱ የሚያለቅስ ሌላ የለም። እኔ ስጽፍ የምሰማው እሱን ነው።”

“ሐሙስ ሐሙስ ያስጠናኸኝስ?”

ፌርሚን ወደ በሩ ዞረ። ከውስጥ ጠሩትና ገባ።

ኢፖሊቶ ኮሪደሩ ላይ ባለ ወንበር ተቀመጠ። የራሱን ትንፋሽ ከወፍራም በር ጀርባ ሲሰማ አረፈደ። ወጣቱ ክፉ አልተጫወተም፤ ያም አላጽናናውም። እያንዳንዱን ድምፅ ገና ሳይመጣ ያውቀዋል፣ ጣቶቹም ሱሪው ላይ ይከተሉታል። ቀትር ላይ የሥራው የመጀመሪያ ግማሽ አለቀ፤ ሁለተኛው ከአሥር ቀን በኋላ ነው ተባለ። ገብቶ ሳጥኑን ከወጣቱ ጉልበት አነሳ። ማንም አልከለከለውም። በአውቶቡስ ቀጥታ ጋስፓር ዘንድ ሄደ።

“ታውቅ ነበር?”

ጋስፓር ወንበር ሳበለት፤ ኢፖሊቶ አልተቀመጠም።

“ሳጥኑን ስቱዲዮ የማስረክብበት ወረቀት ላይ የወጣቱ ስም ነበር። ፌርሚን ራሱ ይነግርሃል ብዬ ነው። በየቀኑ፣ ዛሬ ይነግረዋል እላለሁ።”

“አርባ ዓመት በዚህ በር ስገባ ስወጣ።”

“አውቃለሁ፣ ኢፖ።”

“ወደ ድሮው ቅኝት መልሰው።”

“አብደሃል? ከጫፉ ሞርጄዋለሁ፤ ለማውረድ ደግሞ ከሥሩ መሞረድ ነው። ምላሱ ይሳሳል። ያ ድምፅ አይመለስም።”

“ድምፁ ይመለስ አላልኩም። ከክለቡ ፒያኖ ጋር ይስማማልኝ። አንተ ካልሞረድከው እኔ እሞርደዋለሁ፤ ሊጥ ያቦካ እጅ የሚያደርገውን ታያለህ።”

ጋስፓር መነጽሩን አደረገ። ስምንት ቀን ሙሉ ምሳ እንኳ አልወጣም።

ለሁለተኛው ቀረጻ አንድ ቀን ሲቀር ፌርሚን በመኪና ኢፖሊቶ ቤት መጣ። “ሳጥኑን ልወስድ ነው። አንተም ና፤ ከጎኔ ተቀምጠህ ትሰማለህ” አለ።

ኢፖሊቶ አንዲት ድምፅ ብቻ ሳበ። ዝቅ ያለች፣ የሻከረች ነበረች። የፌርሚን ፊት አመድ መሰለ።

“ምን አደረግከው?”

“ወደ ሰፈሩ መለስኩት።”

“ግማሹ በእሱ ድምፅ ተቀርጿል፤ ሌላ ሳጥን እሱን አይመስልም።”

“አይመስልም።”

“የዕድሜዬ ሥራ ነው፣ ኢፖ። ገደልከኝ።”

“ሐሙስ ናና አስጠናኛ።”

ሸክላው ወጣ፤ ሁለተኛው ገጹ በሌላ ባንዶኔዮን ተሞልቷል። ኢፖሊቶ ሁለቱንም ገጽ አልሰማም።

የክለቡ እሁድ እንደ በፊቱ ቀጠለ። ሳጥኑ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል፤ ያ አንጀት የሚበላ ልቅሶው የለም። ሰው ግን ይጨፍርበታል። አንዳንዴ አንዲት ሴት ከአዳራሹ መሃል የፌርሚንን የድሮ ታንጎ ትጠይቃለች፤ በኢፖሊቶ ወጥ ቤት ከተጻፉት አንዱን። ኢፖሊቶ አይከለክልም። ወናፉን ያጥፍና ከፋዩን ያለብሰዋል፤ ፒያኖው ብቻውን እስኪጨርስ ድረስ ሁለት እጁን ሳጥኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።