ከቀበቶ እስከ ደረት

ታላቅ ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ እንጀራው ማየት ነው። ወደ ውጭ የሚላክ እህል መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት መጋዘን ድረስ ሄዶ ያያል፣ ናሙና ያወጣል፣ ቢሮው ተመልሶ "ንጹሕ ነው" ብሎ ይፈርማል። ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ዕቃውን ሳያይ ገንዘቡን የሚለቀው የወንድሜን ፊርማ አምኖ ነው። አይቼው አላውቅም እንጂ ይህ ገዢ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ልጆች ሳለን እናታችን ከመተኛታችን በፊት "በሩ ተቆልፏል?" ብላ ስትጠይቅ የሚመልስላት እሱ ነበር። ከአልጋው ሳይነሳ፣ ብርድ ልብሱን ከፊቱ ላይ እንኳ ሳይገልጥ "ተቆልፏል" ይላል። ድምፁ ረጋ ያለ ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም። አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ የጎረቤት ፍየሎች ወጥ ቤት ገብተው ዱቄቱን በትነውት አገኘን። እሱ ዓይኑን በጨው አጥቦ "እኔ ሳየው ተቆልፎ ነበር፤ ቀድሞ የተነሳውን ሰው ጠይቁ" አለ። ቀድሜ የተነሳሁት እኔ ነበርኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉሃል ይሄ ነው። የተቆጣችው እኔን ሆኖ ሳለ እናታችን ያን ዕለት ስለ እሱ ለጎረቤቶቿ "ይሄ ልጅ ቃሉ ይታመናል፣ ትልቅ ቦታ ይደርሳል" ስትል ሰማኋት። እንዳለችውም ደረሰ።

የእህል መርማሪዎችን ገበያ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በወደቡ መንገድ ላይ ሦስት የመርማሪ ቢሮዎች አሉ። ላኪው ከሦስቱ ደስ ያለውን ይመርጣል፣ ክፍያውንም የሚከፍለው ራሱ ነው። ፈተናውን የሚፈተነው ተማሪ አስተማሪውን መርጦ ደሞዝ ሲከፍለው ማለት ነው። ዕቃህ ነቀዝ አለበት ያለ መርማሪ ያን ደንበኛ ዳግመኛ አያየውም። ከወንድሜ ቢሮ ፊት ለፊት አንዲት ቀጭን መርማሪ ነበረች። በመጀመሪያው ዓመቷ ሁለት ላኪዎችን "አይሆንም" አለች። አሁን የቢሮዋን ግማሽ ለፎቶ ኮፒ ሠሪ አከራይታ፣ በቀሪው ግማሽ ተቀምጣ የማሽኑን ድምፅ ታዳምጣለች። ወንድሜ እሷን ሲያይ "ጠባይ የላትም" ይላል።

እሱ ጠባይ አለው። መጋዘን ሲገባ መጀመሪያ ሰው ሰላም ይላል፣ ቀጥሎ ወንበር ይቀርብለታል፣ ሻይ ይመጣል። ከዚያ መውጊያውን ያነሳል። መውጊያ ማለት ከረጢቱን ወግቶ እህል የሚቀዳ ሹል ቱቦ ነው። ደንቡ ከክምሩ ላይም ታችም፣ ፊትም ኋላም ውጋ ይላል። ወንድሜ ግን ቦርጩ አያስጎነብሰውም፣ መሰላል ላይ ለመውጣትም ክብሩ አይፈቅድለትም። እጁ ያለ ድካም የሚደርስበትን፣ ከቀበቶው እስከ ደረቱ ያለውን ብቻ ይወጋል።

ይህን በመጋዘኖቹ ውስጥ የማያውቅ የለም። ጫኞቹ ክምር ሲሠሩ ጠጠሩንና የተነቀዘውን ከታች፣ ያረጀውን ከኋላ፣ የተለቀመውን ጥሩ እህል ደግሞ በወንድሜ ቀበቶና ደረት መካከል ይደረድራሉ። ይህን ድርድር "ፊት ማውጣት" ይሉታል። ወንድሜንም "ቀበቶ" ብለው ይጠሩታል። እሱ ይህን ቅጽል ስም ሲሰማ ጥብቅ ስለሆነ የወጣለት ይመስለዋል፤ በቤተሰብ ፊት ራሱ አውርቶታል። እየወፈረ ሲሄድ ቀበቶው ከቦርጩ ሥር ስለወረደ ላኪዎቹ አንድ ረድፍ ጥሩ እህል ለመጨመር ተገደዋል። ለጥራት ያደረገው አስተዋጽኦ ቢኖር ይኸው ብቻ ነው።

ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ ለብዙ ዓመት የእህል ሱቅ ውስጥ ሽያጭ ሠራተኛ ነበርኩ። ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ ተዳፋት ላይ ነጭ ቦሎቄ የሚዘሩ ሴቶች ነበሩ፤ መኪና ይዞ የሚመጣ ነጋዴ በፈለገው ዋጋ ምርታቸውን ያፍሳል። እነዚህን ሴቶች አሰባሰብኳቸውና ባሕር ማዶ አንድ ገዢ ፈለግሁላቸው። ሰውየው የመጀመሪያው ጭነት በጊዜውና በንጽሕናው ከደረሰው የየዓመቱን ምርት እንደሚወስድ፣ ካልደረሰው ግን ሌላ አገር እንደሚፈልግ በግልጽ ጻፈልኝ። ሴቶቹ ምርታቸውን በእምነት አስረከቡኝ። ያለኝ ይህ አንድ ዕድል ብቻ ነበር። አብረን መሬት ላይ ተቀምጠን ፍሬ በፍሬ ለቀምነው፤ የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ የተጨማደደውን አወጣን። ወገቤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ልቤ ወደ ቀጭኗ መርማሪ ነበር። እናታችን ሰማችና አኮረፈች። "ወንድምሽ እያለ ባዕድ ቤት? ሰው ምን ይላል?" አለች። እኔም እህሌ ማንም ቢያየው አያሳፍረኝም ብዬ ወደ ወንድሜ ቢሮ ሄድኩ። ሞኝነቴ ነው።

መጋዘን ያስገባሁ ዕለት የጫኞቹ አለቃ ጠጋ ብሎ "እህቴ፣ ፊት አናወጣም እንዴ?" አለኝ። ሁሉም ፊት ነው አልኩት። አንገቱን ነቀነቀና እንዳመጣጡ አስደረደረው።

ወንድሜ በማግስቱ መጣ። ሻይ ቀረበለት፣ ጠጣ። እንደ ልማዱ ከቀበቶው እስከ ደረቱ ወጋ ወጋ አደረገና ወደ ወንበሩ ሊመለስ ሲል ትዕቢት ያዘኝ። በዚያ ሁሉ ልፋት ላይ እንዲህ ላይ ላዩን ሊታለፍ ነው ብዬ ተናደድኩ።

"ጋሼ፣ ታችኛውንም እይልኝ" አልኩት።

ጫኞቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩት ጀመር። እምቢ ቢል ስለሚያፍር እያቃሰተ ተንበረከከ። ምናልባት በሥራ ዘመኑ የመጀመሪያው ነው። ከታችኛው ከረጢት ቀዳ፣ በአንድ መዳፉ የላዩን፣ በሌላው የታቹን ይዞ ብዙ ጊዜ አየ። ያመሰግነኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"ታችኛው እንደ ላይኛው ነው" አለ።

"አዎ። የኋላውም እንደዚያው ነው።"

"ምን አድርገሽበት ነው?"

"ለቅሜው ነው። ጥሩ እህል ነው ጋሼ፤ ሁሉም ጥሩ ነው።"

ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳ። ፊቱ ጠቁሯል። "በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለ ክምር አላጋጠመኝም። እህል ከላይ ሌላ፣ ከታች ሌላ ነው፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት የሚሆነው ሰው ሲነካካው ነው። እኔ በዚህ ላይ አልፈርምም" አለ።

ያን ጊዜ ነው ጉዱ የገባኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰነፍ እንጂ ሌላ አይመስለኝም ነበር። ለካ ከቀበቶው በታች ያለውን ያውቀዋል። የሌላው ሁሉ ሥሩ ጠጠር መሆኑን እያወቀ ኖሮ፣ ጠጠር ቢያጣ የእኔን እህል ጠረጠረው። ተንበርክኮ በማያውቅ ጉልበቱ ስስቅ ኖሬያለሁ፤ እሱን ከልቤ የተጠየፍኩት ግን ያን ቀን ነው።

ቢሮው ውስጥ ጀግና ሆነ። አለቃው ሠራተኞቹን ሰብስቦ "ለእህቱ እንኳ ያላዳላ" ብሎ አመሰገነው። ላኪዎቹም ደስ አላቸው፤ እምቢ ማለት የሚችል መርማሪ ፊርማው ይከብዳል፣ እነሱ ደግሞ እምቢ እንደማይላቸው ያውቃሉ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የተባለው ለእሱ ሳይሆን አይቀርም። አፉን ሞልቶ "ዘመድ አላውቅም" ሲል ለሰርግ የተጠራ ይመስላል።

እኔ ወደ ቀጭኗ ሮጥኩ። እጄን ይዛ ይቅርታ ጠየቀችኝ። አንዱ ቢሮ የጣለውን ሌላው እንዳያነሳ ሦስቱ ተስማምተዋል፤ እሷ ይህን ብትጥስ የቀረላትንም ግማሽ ቢሮ ታጣለች። መርከቡ ሄደ። ገዢዬ በሁለት መስመር ተሰናበተኝ። መጋዘኑ ልቀቂ ሲለኝ በመንገዱ ላይ ትልቁ የሚባለው ላኪ ሰው ልኮ እህሉን በርካሽ ወሰደው። ለሴቶቹ ያለውን አካፍዬ ሳስረክባቸው ትልቋ "አይዞሽ ልጄ፣ ለመኪናው ነጋዴም ከዚህ ባነሰ ሸጠን እናውቃለን" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ።

ቆይቶ የጫኞቹ አለቃ መንገድ ላይ አግኝቶኝ የሆነውን ነገረኝ። ትልቁ ላኪ የእኔን ቦሎቄ ከራሱ የተነቀዘ እህል ፊት፣ ከቀበቶ እስከ ደረት አስደርድሮታል። ወንድሜ መጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ቆሞ ወግቶ፣ "አንደኛ ደረጃ" ብሎ ፈርሟል።

በሚቀጥለው እሑድ እናታችን ቤት ተገናኘን። ገና ሳንቀመጥ ከኮቱ ኪስ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው፤ ነጭ ቦሎቄ ነው። ከትልቁ ላኪ መጋዘን የተረፈ ናሙና መሆኑን ለእናታችን ነገራት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ በታላቅ ወንድም ለስላሳ ድምፅ፣ "እይው፤ ለሚቀጥለው ይጠቅምሻል። እህል ማለት እንዲህ ነው" አለኝ።

ወረቀቱን ወደ እሱ መለስኩት።

"የእኔ ነው ጋሼ" አልኩት። "አንተ የጣልከው ነው። ትልቁ ላኪ ገዝቶ በበሰበሰው ፊት ደረደረልህ። ጫኞቹን ጠይቃቸው።"

ይቆጣል፣ ወይም ያፍራል ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ፍሬ አንስቶ በሁለት ጣቱ እያገላበጠ አየው፣ ወደ መስኮቱም አስጠግቶ ደግሞ አየው። አንድን ነገር እንዲህ ሲያይ አይቼው አላውቅም። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ቅሬታ ነው።

"ታዲያ ጥሩ መሆኑን ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?" አለ።

እናታችንም ከቦሎቄው ላይ ዓይኗን አንስታ ወደ እኔ ዞረች።

"እውነቱን ነው" አለችኝ። "ለምን አልነገርሽውም?"