ስድስት ዓመት ዝም ያለው ጊታር

ጥርስ ሠሪዋ እስከ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ድረስ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር በእጇ ነክታ አታውቅም ነበር። አምፖል ሲቃጠል እንኳ ጎረቤት ነው የምትጠራው። ሥራዋ ሌላ ነው። ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ በጄሶ የተቀዳውን የሰው አፍ ልክ ፊቷ ደርድራ፣ ሰም እያቀለጠች፣ ድድ እየቀረጸች፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ አንድ በአንድ ስትተክል ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። እጇ ንቅንቅ አይልም። የሥራ ባልደረቦቿ፣ «እሷ ከፈለገች ለትንኝም ጥርስ ትሠራለች» እያሉ ይቀልዳሉ።

የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። አባቷ ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ሲለይ የኖረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ይለወጥ ነበር። ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ቀይ ኤሌክትሪክ ጊታሩን አንግቶ፣ ከባንዱ ጋር ሠርግ ለሠርግ ይዞራል። ባንዱን ያቋቋሙት እሱና የልጅነት ጓደኛው ናቸው። ጓደኛው ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ ሰው ሁሉ «ሻለቃ» ይለዋል። ወታደር ቤት በደጁ እንኳ አላለፈም፤ ማዕረጉን ያገኘው ልምምድ ላይ አምስት ደቂቃ የዘገየ ሰው ላይ በሚጮኸው ጩኸት ነው።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እናቷ ልትሞት ጥቂት ወራት ሲቀሯት፣ አባቷን ክፉ ትኩሳት ያዘው። ሲነሣ ቀኝ ጆሮው ጭራሽ ደንቁሮ፣ ግራው በግማሽ ቀርቶ ነበር። ያም ሆኖ ጊታሩን አልተወም። ባንዱ እስኪበተን ድረስ ስድስት ዓመት ተጫወተ። ከዚያ ጊታሩ ሳጥኑ ውስጥ ገባና አልጋው ሥር ተኛ፤ ከተኛ ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ።

ሰባ ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ልጁ አንድ ነገር አሰበች። በጆሮ ማዳመጫ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ቢለቀቅለት፣ በግራ ጆሮው የገዛ ጊታሩን መስማት ይችል ይሆናል። ማዳመጫ የሚሰካበት አነስተኛ የድምፅ ማጉያ ገዝታ ልብስ ማስቀመጫዋ ውስጥ ደበቀች። አባቷ ቅዳሜ ጠዋት እህቱን ሊጠይቅ እንደወጣ፣ ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች።

አቧራውን ስትጠርግ ነው የመጀመሪያውን ድንጋጤ የደነገጠችው። የጊታሩ የላይኛው ጫፍ፣ ወደ ተጫዋቹ ደረት የሚቀርበው፣ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ተቦርቡሯል። ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። ንክሻ ነው። አንድ ጊዜ የተነከሰም አይደለም፤ ብዙ ጊዜ፣ እዚያው በዚያው ላይ። ከፊት ካሉት ጥርሶች አንዱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፤ ከጎኑ ክፍተት አለ። ይህን አፍ ከሺህ አፍ መሐል ትለየዋለች።

«አባዬ?» አለች ለብቻዋ። «ምን ነክቶህ ነው እንጨት የምትነክሰው?»

መልስ ስላላገኘች ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ገመዱን ሰካች፣ ማጉያውን አበራች፣ ክሩን መታች። ምንም የለም። ማጉያው እሽ... ይላል እንጂ ጊታሩ ጭጭ ነው። ሌላ ገመድ ሞከረች፤ ያው ነው።

ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጩ ሄደች። ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ በሽቦና በአሮጌ ሬዲዮ የታጨቀ ነው፤ ሻጩ መሐሉ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ብቅ ብሎ ይታያል።

«ፒካፑ ሞቶ ይሆናል» አላት።

«እኔ መኪና የለኝም፤ ስለ ጊታር ነው የማወራህ።»

ሰውዬው ሳቁ እስኪያልፍለት ጠበቀችው። ከዚያ ከክሩ ሥር ያለው፣ ድምፁን የሚይዘው ማግኔት ፒካፕ እንደሚባል፣ ከሱ የሚነሣው ሽቦ በድምፅ መቆጣጠሪያው አልፎ ገመዱ እስከሚሰካበት ቀዳዳ እንደሚሄድ በካርቶን ላይ ሣለላት። «ከተከፈተ አይቀር መቆጣጠሪያውንም ቀይሪው፤ ያረጃል» ብሎ አዲስ መቆጣጠሪያ፣ ሽቦ መበየጃ ሊድ፣ ሊድ ማቅለጫ ካውያና መለማመጃ የሚሆን ቁርጥራጭ ሽቦ ሰጣት። «ስሚኝ እህቴ፣ ሳትነኪ በፊት ፎቶ አንሺው። ፎቶ ሳያነሣ የፈታ ሰው እዚህ መጥቶ ሲያለቅስ ነው የማየው።»

ቤት ገብታ በካቻቢቴ የጀርባውን ክዳን ፈታች። ስልኳን አዘጋጅታ ጎንበስ አለች። ፎቶውን ግን አላነሣችም፤ በዚያው እንደተደፋች ደርቃ ቀረች።

ወደ ገመድ መሰኪያው የሚሄደው ሽቦ ተቆርጧል። አልተበጠሰም፣ አልዛገም፤ በፒንሳ ቅጭት ተደርጎ ተቆርጧል። ሁለቱም ጫፎች ለየብቻቸው በናስትሮ ተጠቅልለው፣ ታጥፈው፣ ዳር ተሸጉጠዋል። ሽቦ ደግሞ ራሱን በናስትሮ አይጠቀልልም። ናስትሮው አረንጓዴ ነው። የባንዱን ገመድ ሁሉ፣ ከሌላ ባንድ ዕቃ እንዳይቀላቀል፣ በአረንጓዴ ናስትሮ ምልክት የሚያደርገው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሻለቃ አሁን የሚሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ስትገባ ወረቀት እየደረደረ ነበር።

«ውይ የኔ ልጅ! ጓደኛዬ ደህና ነው?»

«ጋሼ ሻለቃ፣ የአባዬን ጊታር ከፍቼው ነበር» አለችው።

ወረቀቱ ከእጁ ላይ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ተበተነ። ለማንሣት አልሞከረም። ማሽኑን አጠፋና በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሌላ ሰው እንዳትጠረጥሪ።»

 መንገዱን ሙሉ «አይደለሁም» እንዲላት ስትመኝ ነበር የመጣችው።

«ለምን?»

«ጆሮው ከታመመ በኋላ ይዘገይ ጀመር። እኛ ደርሰን ስናበቃ እሱ ገና እየመጣ ነው። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ እየጨፈሩ እግራቸው ተምታትቶባቸው ወለሉ ላይ ተዘረሩ። ሰው ሳቀ። እሱ አልሰማም፤ አብሮ ፈገግ አለ።»

«ታዲያ አይነግሩትም ነበር?»

«እናትሽ ካረፈች ገና ሦስት ወሯ ነበር። ቤቱ ባዶ፣ ጆሮው ባዶ። የቀረችው ቅዳሜ ናት። እሷንም ልቀማው? ሌላ ጊታር ተጫዋች ጨመርኩና የሱን... ለአንድ ሳምንት ብዬ ነው የቆረጥኩት። በሚቀጥለው ሳምንት እነግረዋለሁ እያልኩ ስድስት ዓመት ሄደ።» ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «እባክሽ እንዳትነግሪው። በሱ ሞት።»

ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱን አላየችውም። እየደጋገመ የሚመጣባት የራሷ ጭብጨባ ነበር። ስንት ሠርግ ላይ ከፊት ወንበር ተቀምጣ አጨብጭባለታለች! «አባዬ፣ ዛሬ ደግሞ ተአምር ሠራህ!» ያለችው ስንት ጊዜ ነው? ከዚያ ጊታር አንዲት ድምፅ ሳይወጣ! ሸሚዙን የምትተኩስለት እሷ፣ ክራቫቱን የምታስተካክልለት እሷ። በቁሟ ተቃጠለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ከሥራ ስትመለስ ክፍሏን ዘግታ ካውያ መያዝ ተማረች። መጀመሪያ እንደ ሰም ቢላዋዋ መስሏት አንገቱ አጠገብ ያዘችውና ሁለት ጣቷን ጠበሰችው። ሊዱ ደግሞ እየተድበለበለ ሽቦው ላይ አልይዝ አላት። ፎቶ አንሥታ ለዕቃ ሻጩ አሳየችው።

«ይሄ ብየዳ ሳይሆን የርግብ ኩስ ነው» አላት። «ሊዱን አታሙቂው፤ ሽቦውን አሙቂው፤ ሊዱ ራሱ ይመጣል።»

ይህንስ ታውቀዋለች፤ ሰምም የሚይዘው የሞቀ ነገር ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ብየዳዋ እንደ ጥርስ አንጸባረቀ። የተቆረጠውን ሽቦ ቀጠለች፣ መቆጣጠሪያውንም ቀየረች። የመቆጣጠሪያው ሦስት እግሮች ግን ግራና ቀኛቸው ተዛውሮባት ኖሮ፣ ለመሞከር ስትል ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀነስኩ ብላ ክሩን ብትመታው ጊታሩ አገር ይያዝልኝ ብሎ ጮኸ። ከወንበሯ ዘላ ተነሣች። ሲጨምሩት ይቀንሳል፤ ሲቀንሱት ያብዳል። ሁለቱን ሽቦ ፈታ አዘዋወረች። በመጨረሻም የአባቷ ጣቶች እየደረቁ ስለመጡ፣ ትንሿን ቁልፍ አውጥታ በመዳፍ የሚዞር ትልቅ ቁልፍ ገጠመችበት።

የልደቱ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሎን አስቀመጠችውና ጊታሩን ጭኑ ላይ አኖረችለት። ማዳመጫውን ልታደርግለት ስትል እጇን ያዘ። ጊታሩን ገለበጠ። ክዳኑን፣ አዲሶቹን ብሎኖች በጣቱ ዳሰሰ።

«ሽቦውን ቀጠልሽው?» አላት።

ክው አለች። ማዳመጫው በእጇ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«የትኛውን... ሽቦ?»

«ሻለቃ የቆረጠውን ነዋ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ወደ ግራ ጆሮው ተጠግታ፣ «ታውቅ ነበር?» ብላ ጮኸች።

«ከቆረጠበት ቀን ጀምሮ። መድረክ ላይ ስቆም አንዱን እግሬን የራሴው ድምፅ ማጉያ ሳጥን ላይ ነበር የማደርገው። ስመታ በጫማዬ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ ነው መውጣቱን የማውቀው። ያን ቀን ምንም አልመጣም። ቤት ገብቼ ከፈትኩት፣ አየሁት፣ መልሼ ዘጋሁት።»

«ንክሻውስ?»

«እሱንም አየሽው?» አፈረ። «እንጨቱን ሲነክሱት በአጥንት በኩል ይሰማል። ክፍሌን ዘግቼ፣ ለራሴ ያህል እሰማ ነበር።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም ሳትናገር? ለምን አባዬ?»

አባቷ ጊታሩን ጭኑ ላይ ገልብጦ አስተካከለ። «እሱ ውጣ ለማለት አቃተው። እኔ ደግሞ ለመውጣት አቃተኝ። ቅዳሜ ቤት ብቀመጥ ምን ላደርግ ነበር?» ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ «አንቺ ራስሽ እኮ፣ ዛሬስ ከሌላው ቀን በለጥክ ትይኝ ነበር» አለና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እሷ መሳቅም ማልቀስም አቅቷት አፏን ይዛ ቀረች።

ማዳመጫውን አደረገችለት። ትልቁን ቁልፍ በመዳፉ አዞረ፣ ክሩን መታ። ፊቱ ተለወጠ። ዓይኑ ፈጠጠ። አንድ የሠርግ ዜማ ጀመረ፣ መሐል ላይ አቆመ፣ ደግሞ ጀመረ። እሷ የምትሰማው የክሩን ጠቅ ጠቅታ ብቻ ነው። በመጨረሻ ማዳመጫውን አወለቀ።

«ጉድ ነው!» አለ። «እንዲህ ነበር እንዴ የምጫወተው? ሻለቃ እውነቱን ነው! እኔ ብሆን ጣቴንም ጭምር ነበር የምቆርጠው!»

እሑድ ሻለቃን ራሷ ደውላ ጠራችው። ገብቶ ጊታሩ ከማጉያው ጋር ተያይዞ ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ወደ እሷ ዞሮ በሹክሹክታ፣ «ነገርሽው?» አላት።

«አልነገርኩትም ጋሼ። ድሮም ያውቃል።»

«ድሮ ማለት?»

«ከመጀመሪያው ቀን» አለ አባቷ፣ ከከንፈሩ አንብቦ።

ሻለቃ ወንበር ፈልጎ ሲያጣ የጊታሩ ሳጥን ላይ ተቀመጠ።  «ያን ሁሉ ጊዜ... እኔ እንዳትደርስበት እየተጨነቅኩ እንቅልፍ አልነበረኝም እኮ! ፀጉሬ የሸበተው በዚህ ነው!»

«ፀጉርህ ከዚያ በፊትም ሸብቶ ነበር» አለው አባቷ። ተነሥቶ ትከሻውን ያዘው። ሻለቃ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ጥርስ ሠሪዋ ውኃ ላምጣ ብላ ወጥታ ወጥ ቤት ውስጥ ቆየች።

ስትመለስ ሁለቱ ኪቦርዱን ከሻለቃ መኪና አምጥተው ሳሎን ውስጥ እያቆሙ ነበር። ያለማዳመጫ፣ ድምፁን ለቀው፣ ያንኑ የድሮ የሠርግ ዜማ ጀመሩት። አባቷ ይዘገያል። ሻለቃ ዞር ዞር እያለ ያየዋል፤ ይጠብቀዋል፤ ደግሞ ያመልጠዋል። ሁለተኛውን ዜማ ሲጀምሩ በሩ ተንኳኳ። ከታች ፎቅ የምትኖረው ጎረቤታቸው ናት፤ ማንኪያ እንደያዘች ነው የወጣችው። ጥርስ ሠሪዋ ይቅርታ ለመጠየቅ አፏን ስትከፍት ሴትየዋ ቀደመቻት።

«ጊታር የሚመታው ማነው? እየዘገየ ነው!»

አባቷ ከሳሎን አንገቱን አወጣ። «ምን አለች?»

ጥርስ ሠሪዋ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «ጊታሩ ዘገየ አለች!» ብላ ጮኸችለት።

ሰውዬው መጀመሪያ ሴትየዋን፣ ከዚያ ልጁን አየ። ፊቱ ቀስ እያለ በራ።

«ሰምታኛለቻ!» አለ፤ ወደ ጊታሩም ተመለሰ።